ቫርኒሹ ላይ ያረፈው መዳፍ

ይድረስ ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣ ለእታለም፤

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ደረጃ ስትወጪ የሚንቋቋው ጉልበትሽ ተሻለው ወይስ አሁንም ጎረቤት ያስነሳል? ጋሼ ባለቤትሽስ እንዴት ነው? የልጆቹስ ሳል ለቀቃቸው? ያቺ ነገረኛ አለቃሽስ ልብ ገዛች? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። አባባ ደህና ናቸው፣ እማማ ደህና ናት፣ ታናሻችንም ደህና ናት። እኔም ሳንባዬ በሰጋቱራ ከመሞላቱና የምጠጣው ሻይ ሁሉ ኮላ ኮላ ከማለቱ በቀር ደህና ነኝ።

ስፒከሮቹን ከላክሁ አራት ወር አለፈኝ፣ የሚገጠሙባቸው ሳጥኖች የት ደረሱ ብለሽ የጻፍሽው ደርሶኛል። አንተ የጀመርከውን ጨርሰህ ታውቃለህ ወይ የምትለዋንም መስመር ደጋግሜ አንብቤያታለሁ። እሺ፣ ሳጥኖቹ አልቀዋል። የዘገዩበትን ምክንያት በስልክ ያልነገርኩሽ አባባ ሁልጊዜ ስልኩ አጠገብ ስለሚቀመጡ ነው።

ሲጀመር እንጨቱ አንገሸገሸኝ። ችፑድ ይበቃል ብሎ ነጋዴው ያሸከመኝ ነገር መጋዝ ሲነካው እንደ ደረቀ ዳቦ ይፈረፈራል፤ ኮላ ሲነካው ደግሞ ሻይ ውስጥ እንደወደቀ ብስኩት ያብጣል። አባባ ጠርዙን በጥፍራቸው ፈቅፈቅ አድርገው አሸተቱና፣ ይሄማ የመጋዝ ትፋት ነው አሉ። አውጥቼ ጣልኩትና በወፍራም ኮምፔንሳቶ እንደገና ጀመርኩ። ዓይናቸው እንደምታውቂው ከጥላ በቀር አያይም፤ ግን የገጠምኩትን ሳጥን በጣታቸው አንኳኩተው ኮላው የት ጋ እንዳልያዘ ይነግሩኛል፤ አንድ ቀን እንኳ አልሳቱም። ድምፁ እንዳያስተጋባ ውስጡ ጥጥ ይጠቀጠቅበት ሲሉኝ የእማማን አሮጌ ትራስ ቀደድኩ። ከውስጡ የወጣውን አልነግርሽም፤ ምናልባት ምሳ እየበላሽ ይሆናል።

ቀጥሎ ቫርኒሹ መጣ። ሽታው ከመጋረጃውም ከዳቦውም አልወጣ አለ። አንድ እጅ ስቀባ ዝንቡ ሌላ መሞቻ ያጣ ይመስል መጥቶ መሃሉ ላይ ይተኛል። እሱን በወረንጦ ለቅሜ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሼ፣ የመጨረሻውን እጅ ቀባሁና ወደ ሥራ ሄድኩ። ስመለስ በአንደኛው ሳጥን አናት ላይ አንድ ሙሉ መዳፍ ከነአምስት ጣቱ ታትሞበታል። ፋቅሁት፣ ቀባሁት። በማግስቱ በሌላኛው ላይ ታተመ። እሱንም ፋቅሁት። በሦስተኛው ቀን በሁለቱም ላይ!

አማቻችንን መቼም ታውቂዋለሽ፤ መርማሪው ያልነው በከንቱ አይደለም። የድስት ክዳን ሳይከፍት፣ መሳቢያ ሳይጎትት፣ የሰው ብርጭቆ አንስቶ ሳያገላብጥ ከቤታችን አይወጣም። እጁ ደግሞ ወዛም ነው። እውነቱን ልንገርሽ፣ ታናሻችንን ካገባ ጀምሮ ከጨበጠኝ በኋላ እጄን በስውር ሱሪዬ ላይ እጠርጋለሁ።

እሑድ ምሳ ላይ ሁሉም በተሰበሰበበት፣ ሳጥኖቼ አናት ላይ የታተመው ይሄ ቆሻሻ እጅ የማን ነው አልኩ። የምናገረው ለሁሉም ነው፤ የማየው ግን እሱን ነው። እንዲህ ያለውን እጅ ሳስበው ቋቅ ይለኛል፣ ምግብ አልዋጥ ይለኛል አልኩ። አባባም አገዙኝ። እንዲህ ያለ እጅ በእኔ እንጨት ቤት አንድ ቀን አያድርም ነበር አሉ። መርማሪው መጀመሪያ አባባን አየ፤ ከዚያ ሹካውን አስቀምጦ፣ እኔ ነኝ፣ ይቅርታ አለ። ታናሻችን ፊቷ ደም መሰለ። ኮቷን አንስታ ባሏን ይዛ ወጣች፤ ሳምንት ሙሉ ደጃችንን አልረገጡም። እማማም አኮረፈችኝ።

ባለፈው ሳምንት ቅዳሜ ጠዋት የአባባን ጥፍር እየቆረጥኩላቸው ሳለ በመዳፋቸው እጥፋት ውስጥ ቡናማ ነገር ደርቆ አየሁ። የሳል መድኃኒታቸው የፈሰሰ መሰለኝ። ስፍቀው ቫርኒሽ ነው።

እጃቸውን እንደያዝኩ፣ በናንተ ጊዜ ቫርኒሽ መድረቁ እንዴት ነበር የሚታወቀው ብዬ ጠየቅኋቸው። ደስ ብሏቸው ነገሩኝ። የተቀባ ሳጥን ተገልብጦ በአራት ምስማር ጫፍ ላይ ይቀመጣል፤ አቧራውም የሚያርፈው፣ መዳፍም የሚሞክረው ማንም በማያየው ቂጡ ላይ ነው አሉኝ። የአንተንም ከምሳ በኋላ እየሄድኩ ሞክሬልሃለሁ፣ ቂጡ ላይ ብቻ ነው የነካሁት አሉ። እኔ ግን፣ እታለም፣ ሳጥኖቹን አልገለበጥኳቸውም። የገባ የወጣው እንዲያደንቅልኝ ብዬ ቀጥ አድርጌ ነበር ያቆምኳቸው። አባባ አርባ ዓመት የሠሩበትን ነው የሠሩት፤ ጥፋቱ የእኔ ጉራ ነው።

በዚያው እግሬን አንስቼ መርማሪው ቤት ሄድኩ። በሩን የከፈተልኝ እሱ ነው። ታውቅ ነበር ወይ አልኩት። አንድ ቀን ወደ እናንተ ስመጣ በመስኮት ሲነኩ አይቻቸዋለሁ፣ የማላየው ነገር አለ እንዴ አለኝ። ታዲያ ለምን ተሰደብክ ስለው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? እኔ መወቀስ ለምጄዋለሁ፣ እሳቸው ግን አልለመዱም አለኝ። ያን ጊዜ ቋቅ ያለኝ የገዛ አፌ ነው። አሁንም ድረስ ያስጠላኛል።

ሳጥኖቹን እንደገና አልፋቅኋቸውም። ሁለተኛ እጄን ላሳርፍባቸው አልቻልኩም። ትናንት ታናሻችንና መርማሪውም ታርቀውኝ መጥተው ሁላችንም ባለንበት ስፒከሮቹን ገጥመን ከፈትናቸው። ድምፁ መሬቱን ያንቀጠቅጣል። አባባ በእጃቸውም መስማት ፈልገው መዳፋቸውን አንደኛው ሳጥን አናት ላይ አደረጉ፤ ልክ ምልክቱ ላይ፣ ጣት በጣት። ይሄ ጎርበጥ የሚለኝ ምንድን ነው አሉ። መርማሪው ፈጠን ብሎ፣ ያው የእኔ ጉድ ነው አባባ፣ አልጠፋ አለ አላቸው። እሳቸውም ሳቁና፣ አይ አንተ፣ እጅህን ኪስህ ማስገባት መቼ ነው የምትለምደው አሉት። እጃቸውን ግን አላነሱም።

እንግዲህ ስትመጪ ምልክቱን ማየትሽ አይቀርም። ዝም ብለሽ እንዳታልፊው፣ አባባ ይጠረጥራሉ። ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ መርማሪውን ውቀሺልኝ። እሱም ይህንኑ ነው የሚፈልገው።

ጋሼን በጣም ሰላም በይልኝ። ልጆቹን ጉንጫቸውን ሳሚልኝ። አባባ ስፒከሮቹን ስለላክሽ መርቀውሻል፣ ድምፁ እንደ ሰው ይናገራል ብለውሻል። እማማ ሰላም ብላሻለች፤ ሌላ ትራስ እንዳይቀደድባት ለወንድምሽ ንገሪው ብላለች። ታናሻችን ናፍቀሽኛል ትልሻለች። መርማሪውም ሰላም ብሎሻል፤ ይህን ስጽፍ ከኋላዬ ቆሞ እያነበበ ነው፣ ሲያስጠላ! ወረቀቱ ጥግ ላይ የምታዪው የወዝ ምልክት የእሱ ጣት ነው። ይሄኛው እንኳ እውነትም የእሱ ነው።

የሚወድሽ ታናሽ ወንድምሽ፣
ከቤታችን፣ ቫርኒሽ ከሚሸተው የኋላ ክፍል
እሑድ፣ ኅዳር 9 ቀን