ሁለት ጊዜ የታየው አሻራ

በዳማ ረትተኸኝ ለማታውቀው ጓደኛዬ፦

ለመላው ሰፈር ይነገር! አንደኛው ካልሲዬ መንገድ ላይ ጠፍቷል፤ ሌላኛው በመልካም ጤንነት ላይ ይገኛል።

ይህን ፖስት ካርድ የምጽፍልህ የልጅ ልጄ የጣት አሻራ ከምትመረምርበት መሥሪያ ቤት፣ ከአለቃዋ በር ፊት ለፊት አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ነው። አለቃዋ መርማሪዎቹን ሊፈትን አሮጌ አሻራ ከአዲሱ ሥራ ጋር ደባልቆ ይሰጣቸዋል። የእኔዋ አምና «የተጠርጣሪው ነው» ያለችውን አሻራ፣ የድሮው መሆኑን ሳታውቅ፣ ትናንት «መለየት አልችልም» አለች። በአምናው ቃሏ ግን ሰውየው ታስሯል።

«አባባ፣ አሻራው ያው፣ ዓይኔም ያው፤ የቱን ልመን?» አለችኝ። አንተም ከአንድ ማንቆርቆሪያ የተቀዳውን ሻይ አንዴ «ስኳር የለውም»፣ አንዴ «ማር ሆነ» ትላለህ፤ ደግነቱ በምላስህ የታሰረ ሰው የለም።

አለቃዋ «ፈተና ብቻ ነው፣ እርሺው» ብሏታል። እሷ «ለዳኛው ይነገር» ልትለው አሁን ገባች። ስትገባ ዞር ብላ ሳቀችልኝ። በሩ እስኪከፈት ይህን እጽፍልሃለሁ።

ካርዱ ሞላ። ለባለቤትህ፣ ለልጆችህ፣ ለዚያ ነካሽ ውሻህም ሳይቀር ሰላምታዬን አድርስ። የካልሲው ነገር እውነት ነው። ሳቀችልኝ ያልኩህን ግን ፈጥሬው ነው፤ ዞራም አላየችኝ።