ቀድመሽኝ ለምትደርሺው

ውድ ኢቲሳም፣

«እንደምን አለሽ» ብዬ መጀመር ነበረብኝ፤ መልሱን ስለምፈራው ተውኩት። ይልቅ እኔ ማን እንደሆንኩ ላስታውስሽ። ማርያማዊት ነኝ፤ ስምንተኛ ክፍል አንድ ዴስክ ላይ አብረን የተቀመጥነው። አሁን እዚያው ክፍል ውስጥ አማርኛ አስተምራለሁ። ይህንንም የምጽፍልሽ እዚያው ሆኜ ነው። ልጆቹ ለምሳ ወጥተዋል። ከሐይቁ በኩል የሚመጣው ነፋስ በሩን ከፈት ዘጋ ያደርገዋል፤ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ቀና እላለሁ።

ትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓሉን ሊያከብር ነው። ርእሰ መምህራችን አቶ ሙሉአለም ለበዓሉ መጽሔት እያዘጋጁ ነው። አንድ ቀን ቢሯቸው ጠሩኝና፣ «ትልልቅ ቦታ የደረሱትንማ ሁሉም ያውቃቸዋል» አሉኝ። «አንቺ አብረውሽ የተማሩትን ፈልጊልኝ። የሞተም ይሁን ያለ፣ ያረሰም ይሁን የነገደ፣ እንዴት እንደኖረ ጽፈሽ አምጪልኝ።» ደስ ብሎኝ ተቀበልኩ። አንቺን ግን ለመጨረሻ አስቀረሁሽ። ስላንቺ ለመጠየቅ እናትሽ ፊት መቀመጥ ከበደኝ።

መጀመሪያ የሄድኩት አምባሰል፣ የዝናቡ አባት ቤት ነው። ዝናቡን አትረሺውም፤ ዓይኑን ገልጦ እየተኛ መምህር የሚያታልለው። በጦርነቱ ጊዜ ሞተ። ሚኒባሱ መንገድ ዳር ጥሎኝ ሄደ፤ የግሸን ተሳላሚዎች በሚሄዱበት ዳገት ብቻዬን ወጣሁ። አባቱ ጋሽ ዋለ አውድማቸው ላይ ገብስ ሲያዘሩ አገኘኋቸው። የመጣሁበትን ስነግራቸው መንሻቸውን ተደግፈው ቆሙ።

«እንዴ፣ ያችኛዋ አልነገረችሽም?»

«ማንኛዋ?»

«ትናንት የመጣችው ናታ! የዝናቡ ጓደኛ ነኝ አለችኝ። እዚህ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ሁሉን ጠየቀችኝ። ሲስቅ ድምፁ እንዴት እንደነበር ሳይቀር።»

«ምን ትመስላለች አባባ?»

«ልጅ እግር ናት። ግራ ቅንድቧ ላይ ጠባሳ አላት። ስትስቅ በሻሿ ጫፍ አፏን ትሸፍናለች።»

ያ ጠባሳ የወጣብሽ ቀን ደምሽን በመሐረቤ የያዝኩት እኔ ነኝ። ቢሆንም ቅንድቧ ላይ ጠባሳ ያለባት ሴት በወሎ አንድ ብቻ አይደለችም ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ጋሽ ዋለን ለእኔም እንዲነግሩኝ ለመንኳቸው።

«ልጄ፣ ሁለተኛ አልናገረውም» አሉኝ። «ስንት ዓመት እዚህ ደረቴ ላይ ተቀምጦብኝ ነበር። ለእሷ ነገርኳትና ወረደልኝ። ትናንት ማታ እንቅልፍ ተኛሁ። በይ ከእሷ ጠይቂ።»

መንሻቸውን አንስተው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ገለባው በእኔና በእሳቸው መሐል ተነሣ፤ ለትንሽ ጊዜ ፊታቸው ጠፋኝ። ያንን ድንጋይ ዞር ብዬ ሳላይ ቁልቁለቱን ወረድኩ።

ከዚያ ወይኒቱ ጋ ሄድኩ። ወይኒቱ ሩቅ አይደለችም፤ እዚሁ ሐይቅ ከተማ፣ ባጃጆች ከሚቆሙበት ፊት ለፊት ዓሣ ትጠብሳለች። ገና ከበሩ ስታየኝ፣ «አንቺም መጣሽ?» አለችኝ፣ ዓሣውን ዘይት ውስጥ እየጨመረች።

«ሌላ ማን መጣ?»

«ኢቲሳም ነቻ!»

እንዲህ ነው ያለችው፤ ትናንት ገበያ ላይ ያገኘችሽ ያህል። ዓይን ዓይኗን አየኋት። የያዘችው ጭልፋ እዚያው አየር ላይ ቀረ። መጀመሪያ ፈገግታዋ ሄደ፣ ቀጥሎ የፊቷ ቀለም።

«ማርያማዊት» አለችኝ ቀስ ብላ፣ «ኢቲሳም እኮ ባሕር ላይ ነው የሞተችው።»

«አዎ።»

«እዚህ ተቀምጣ ነበር። እዚህች ወንበር ላይ። ባሌ ጥሎኝ እንደሄደ፣ ልጆቼን ብቻዬን እንደማሳድግ፣ ነርስ መሆን ፈልጌ እንደነበር፣ ሁሉን ነገርኳት። አለቀስኩ። እጄን ይዛኝ ነበር። መሞቷ ለአፍታ እንኳ ትዝ አላለኝም። እንዴት ትዝ አይለኝም?»

«እጇ እንዴት ነበር?»

«እንደ ሰው እጅ ነዋ!» አለችና መዳፏን ገልጣ አየችው። «ግን አላደገችም፣ ማርያማዊት። እኔ እዚህ ጭስ ላይ ሳረጅ እሷ ያቺው ስምንተኛ ክፍል የነበረችው ልጅ ናት። ያኔ እንኳ አልገረመኝም።»

ዓሣው ሲያር ሁለታችንም አላነሣነውም። ያን ቀን ወይኒቱ በጊዜ ዘጋች።

ቤቴ ገብቼ ያሰብኩት የሄድሽበትን ወቅት ነው። ፈተናውን እንዳለፍን በሰማን ሰሞን ከሰፈር ልጆች ጋር በባቲ በኩል ወጣሽ። ሳውዲ ገብቼ እናቴን አሳርፋታለሁ ብለሽ ነበር። ከጅቡቲ የተሳፈራችሁበት ጀልባ ሰጠመ። ከሞት የተረፈ ኸሚስ የሚባል የባቲ ሰው ወሬውን ይዞ መጣ። ማዕበሉ ሲነሣ ሌላ ሰው ይዘሽ እንደነበር፣ ከዚያ እንዳላየሽ ነገረን። ሬሳሽ አልተገኘም። እናትሽም፣ «ሳላያት ልጄን አልቀብርም» አሉ። ለቅሶ አልተቀመጡም፣ ሰደቃም አላወጡም። ይኸው እስከ ዛሬ።

ከዚያ በኋላ መጠየቁን ልተወው ነበር። እንድቀጥል ያደረገኝ ገብረ ክርስቶስ ነው። ጫማችንን እየደበቀ የሚያስለቅሰን ያ ተንኮለኛ ገብረ ክርስቶስ ዛሬ መነኩሴ ነው፣ እስጢፋኖስ ገዳም። ለካ አንቺም ታውቂያለሽ። ሴት ወደ ውስጥ ስለማትገባ በሩ ጋ ቆሜ አስጠራሁት። ቢጫ ቆቡን ደፍቶ ሲመጣ «አንተ» ማለት አቅቶኝ «አንቱ» አልኩት፤ ሳቀብኝ። ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም።

«ስለ እሷ ነው የመጣሽው» አለኝ።

«መጥታለች አባ?»

«እዚህ አንቺ የቆምሽበት ቆማ ነበር። የወይኒቱን ሰምቻለሁ፤ እኔ ግን እንደ እሷ አልረሳሁም፣ እንዳየኋት መሞቷን አውቄያለሁ። አማተብኩ። ትጠፋለች ብዬ ነበር። አማትቤ እስክጨርስ ዝም ብላ ጠበቀችኝ።»

ነፋስ አልነበረም። ሐይቁ እንደ መስታወት ነበር፤ ታንኳ እንኳ አይታይበትም። ገብረ ክርስቶስ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እንዴት እንደኖርክ ንገረኝ አለችኝ። ነገርኳት። ስጨርስ እኔም ጠየቅኳት። እናትሽ አሉ፣ እዚሁ ናቸው፣ የሰው ቤት ከምታንኳኪ ለምን ወደ እሳቸው አትሄጂም አልኳት።»

«ምን አለች?»

«‹እናቴ ይህን ሁሉ ጊዜ ምን ስትሠሪ ነበር ትለኛለች። የምነግራት ሕይወት የለኝም። ጓደኞችሽስ ምን ደረሱ ስትለኝ እንኳ የምመልስላት ይኑረኝ› አለች። ይህን ብላ በመንገዱ ሄደች። እንደ ሰው ነው የሄደችው። አቧራው ይነሣል፣ እግሯ ይሰማል።»

«ሰይጣን ነው ይላሉ?»

«እኔ እንጃ። መጻሕፍቱን ብጠይቅ ሰይጣን አይደለችም የሚሉኝ ይመስለኛል፤ ሰው አይደለችምም ይሉኛል። እጸልይላታለሁ። አንቺ ግን ለእናቷ ንገሪያቸው። ይህ ከእኔ አቅም በላይ ነው።»

ስለዚህ ሄድኩ፣ ኢቲሳም። ቤታችሁ ያው ነው፤ ቆርቆሮው ብቻ ተቀይሯል። እማማ ራህመት መስገጃቸው ላይ ነበሩ። ወንድምሽ ሐሰን አጠገባቸው ቆሞ ነበር፤ ሲከራከሩ ነው የደረስኩት። ዓይናቸው ደክሟል፤ በድምፄ ነው የለዩኝ።

«ነይ ግቢ የኔ ዓለም» አሉኝ። «አንቺም አይተሻታል?»

«አላየኋትም እማማ።»

«የሰው ሁሉ ቤት ገባች ይሉኛል። አምባሰል ድረስ ወጣች። የካህኖቹ በር ቆመች። የዓሣ ጠባሿን እጅ ይዛ አዳመጠች። የእኔን ደጅ ብቻ ማን ጋረደባት? ያ ረቢ፣ ምን በደልኳት?»

«እማ፣ ተይ» አለ ሐሰን። «ሰው አበደች ይልሻል። ዓርብ ሰደቃዋን እናውጣ፣ ዱዓ ይደረግላት፣ ትረፍ። አንቺም እረፊ።»

ገብረ ክርስቶስ የነገረኝን ነገርኳቸው፤ ቃል በቃል። ሐሰን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እናትሽ መቁጠሪያቸውን አቆሙ። የጎረቤት በግ ሲጮህ ደነገጥኩ።

«የምትነግረኝ ስላጣች?» አሉ።

«እንዲህ ብላለች።»

«እኔ ምን እጠይቃታለሁ? እህል ቀምሰሻል ወይ ነው የምላት። ሌላ አልጠይቃትም። ወላሂ የት ነበርሽ አልላትም። ንገሪልኝ።»

«እንዴት አድርጌ እነግራታለሁ እማማ?»

«አስተማሪ አይደለሽ እንዴ? ጻፊላታ!»

ከዚያ ወደ ሐሰን ዞሩ። «ዓርብ ይሁን፣ እሺ ብያለሁ። በግም ይታረድ፣ ሸሆቹም ይጠሩ።» ሐሰን ስንት ዓመት ሙሉ ለምኖ እንቢ ያሉት ነገር ነው። «እማ፣ እንግዲህ አመንሽ ማለት ነው? መሞቷን?» አላቸው።

«እኔ አላህ የሚያውቀውን አላውቅም» አሉት። «በሕይወት ካለች ምሳዋ ነው። ከሞተችም ሰደቃዋ ነው። ብቻ ስትመጣ ቤቴ ባዶ እንዳይሆን።»

ይኸው አደራቸውን አደረስኩ። እናትሽ ምንም አይጠይቁሽም፣ ኢቲሳም። ባዶ እጅሽን ነይ።

አሁን በዚህ አካባቢ ካለነው የክፍላችን ልጆች ያልተጠየቀው ዝናው ነው፣ መምህራን ከዝናቡ ጋር እያምታቱ ይጠሩት የነበረው፤ አርዲቦ ሐይቅ አጠገብ ያርሳል። ነገ ጠዋት ይህን ደብዳቤ ለሚስቱ ሰጥቼ ወዲያው እመለሳለሁ። ዝናውን ምንም አልጠይቀውም፤ እሱን ላንቺ ትቼልሻለሁ። ሴት ልጅ ስትመጣ ስጪልኝ ብዬ ስነግራት ምን ትለኝ ይሆን? ወሬው እዚያም ሳይደርስ አይቀርም።

ከዝናው ሌላ የቀረሁት እኔ ነኝ። ትምህርት ቤቱ ከቤታችሁ የእግር መንገድ ነው፣ የእኔም ቤት ከዚያ አያርቅም፤ ግን አልመጣሽብኝም። እኔ አንቺን ለመጨረሻ እንዳስቀረሁሽ አንቺም ለመጨረሻ አስቀርተሽኝ ይሆናል።

እውነቱን ልንገርሽ፤ እፈራሻለሁ። ወድጄሽ ነበር፣ አሁንም እወድሻለሁ፤ ግን እፈራሻለሁ። ከወይኒቱ ቤት ከተመለስኩ ወዲህ በሬን ሳልቀረቅር ተኝቼ አላውቅም። ጋሽ ዋለ የተኙትን እንቅልፍ እኔ አጣሁት። ይህን ስጽፍ እንኳ ነፋሱ ቆሟል፤ በሩ አንድ ጊዜ ተከፍቶ አልተመለሰም፤ ቀና ብዬ አላየሁም።

ስለዚህ ለመጠየቅ እንዳትደክሚ የእኔን እዚሁ ልጻፍልሽ ብዬ ነበር የተነሣሁት። ደሴ መምህራን ኮሌጅ ገባሁ፣ ተመረቅሁ፣ ተመልሼ መጣሁ። አንድ ሰው ወድጄ ነበር፣ ሌላ አገባ። እናቴን ቀበርኳት። አስተምራለሁ፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ፣ ማታ ደብተር አርማለሁ።

አለቀ። ጽፌው ደነገጥኩ፣ ኢቲሳም። ብዙ ይመስለኝ ነበር። አንቺ የምነግራት ሕይወት የለኝም ብለሽ የሰው ደጅ ታንኳኪያለሽ፤ ይህን ሁሉ ዓመት በሕይወት የቆየሁት እኔ የሞላሁት ይህችን ታህል ነው። ጋሽ ዋለ ለምን ከእሷ ጠይቂ እንዳሉኝ አሁን ገባኝ። ማንም ሰው አንቺ እነሱን እንደጠየቅሻቸው እኔን ጠይቆኝ አያውቅም።

እንግዲህ ዓርብ መጀመሪያ እናትሽ ጋ ግቢ። እኔም እገኛለሁ፤ ሳህን አቀርባለሁ፣ እጅ አስታጥባለሁ። ሰው መሐል ባይሽ እንዳልጮህ ሻሼን ነክሼ እይዛለሁ።

ከዚያ የእኔ ተራ ሲደርስ በቀን ነይ፤ ልጆቹ በእረፍት ሰዓት ሜዳው ላይ ሲጮኹ። ዴስክሽ አጠገብ እቀመጣለሁ። መፍራቴ አይቀርም። ግን ፈርቼም ቢሆን አልነሣም፤ እስክትጨርሺ ድረስ ጠይቂኝ።

የክፍልሽ ልጅ
ማርያማዊት
ሐይቅ