አለሁ ያለ ይቆማል

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6

ዛሬ ክሊኒክ አሥራ አንድ ሰው መረመርኩ። ሥራዬ ያው ነው... የሰው ጆሮ ላይ ማዳመጫ አደርጋለሁ፣ "ድምፅ ስትሰማ ቁልፏን ተጫን" እላለሁ፣ ከመስታወቱ ወዲህ ሆኜ አያለሁ። ከሰዓት አንድ የመጋዘን ሠራተኛ መጣ። ምንም አልሰማም ባይ። ግን ድምፅ በላክሁ ቁጥር ዓይኑ ብልጭ ይላል። ሰምቶ አልሰማሁም የሚል ሰው ዓይኑ ያሳብቅበታል።

"ወንድሜ፣ ጆሮህስ ደህና ነው" አልኩት። አፍሮ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። በምን ፊቴ እንደሳቅኩ እንጃ።

ቤት ስገባ ሽቦ ደወለ። የልጅነት ጓደኛዬ ነው፣ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ። ሽቦ ያልነው በቅጥነቱ ነበር፤ እግሩ ውስጥ ብረት ካስገቡለት ወዲህ "አሁን ገና ለስሜ በቃሁ" ይላል። ሐኪሙ ሩጥ ብሎታል።

"ከሰኞ ጀምሮ ኮረብታዋን እንያዛት። ሰኞ አንዴ፣ ማክሰኞ ሁለቴ፣ እንደዚያ እያልን እሑድ ሰባቴ። ሃያ ስምንት።"

"ከማን ጋር?"

"ከአክስትህ ጋር! ከአንተ ጋር ነዋ። ያለ አንተ አልጀምርም።"

እሺ አልኩት። ለምን እሺ አልኩ?

እሑድ፣ ኅዳር 7

የሩጫ ጫማዬን ከአልጋ ሥር ጎትቼ አወጣሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ አልተነካም። ባለቤቴ አየችኝና "ጀግናው ተነሳ፣ ጎረቤት ልጥራልህ?" አለች። ሌላ ጊዜ ቢሆን እመልስላት ነበር። የጫማውን አቧራ አራገፍኩ።

ይህ ደብተር የኔ ብቻ ነው። ለእሱም ልዋሽ?

ኮረብታዋ ሰባት መታጠፊያ አላት። ከፊት ያለውና ከኋላ ያለው አይተያዩም። ስለዚህ ከልጅነታችን ጀምሮ አንድ ሕግ አለን። ከኋላ ያለው አንድ ነገር ሲገጥመው "አለህ?" ብሎ ይጣራል። ከፊት ያለው "አለሁ" ይላል። አለሁ ያለ ይቆማል፣ እስኪደረስበት ድረስ። ሌላ ሕግ የለንም።

የዛሬ ሁለት ዓመት ከፊት ነበርኩ። ሰዓቴን አየሁ... በሕይወቴ እንደዚያ ሮጬ አላውቅም። አምስተኛው መታጠፊያ ላይ ስደርስ ከአራተኛው "አለህ?" አለ። ሰማሁ። ብመልስ መቆም ሊመጣ ነው። ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ ወጣሁ። ዘጠኝ ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ። ከዚያ በጎን ባለው አቋራጭ ወርጄ ሥራ ገባሁ፤ እሱም ወደ ቤቱ ተመልሷል ብዬ። እግሩ ሁለት ቦታ ተሰብሮ ሁለት ሰዓት እዚያው ተኝቷል። አናት ላይ ያለው የውሃ ታንከር ጥበቃ ነው ያገኘው።

ሆስፒታል ሄጄ "አልሰማሁም" አልኩት።

"ነፋሱ ነው" አለኝ። ምክንያቱን ራሱ ሰጠኝ። እኔም ያዝኳት፣ እስከዛሬ አልለቀቅኳትም።

ቢያውቅ ዓይኔን አያይም። ሌላ ጓደኛ ደግሞ የለኝም።

ሰኞ፣ ኅዳር 8

አንድ።

ጎህ ሲቀድ ጀመርን። ስስ ጉም ነበር። ሽቦ ከፊት እንዲሆን አደረግኩ። "ለሽማግሌ ቅድሚያ ነው?" አለኝ። ከኋላ ሆኜ ኮቴውን እሰማለሁ፤ አንዱ ከባድ፣ አንዱ ቀላል። ግራ እግሩን ይጎትታል። አንጀቴን በላኝ።

አራተኛው መታጠፊያ ላይ ጥቁር ድንጋይ አለ። የወደቀው እዚያ ጋ ነው። ሳላይ አለፍኩት። አምስተኛው ላይ ስደርስ ከበታቼ ሰው ተጣራ።

"አለህ?"

ዞርኩ። ማንም የለም። ሽቦ ከፊቴ ነው፣ ኮቴው ይሰማኛል። እና ማን ነው?

ሌላ ሯጭ ይሆናል። ቃሉን እኛ አልፈጠርነው፣ ሰው ሁሉ ይለዋል...

አናት ላይ ሽቦ ታንከሩን በመዳፉ መታው። ጓ አለ። እንደ ሕፃን ሳቀ። ከታንከሩ ጀርባ የድሮው ድንጋይ መፍለጫ ነው፣ ቀጥ ያለ ገደል። አጥሩ ወድቋል። ያነሳው የለም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ሁለት። ሁለቴም ሰማሁት። አምስተኛው ላይ ስደርስ፣ ከአራተኛው።

የሽቦ ድምፅ ነው። ግን የዛሬው አይደለም። ሽቦ ከስብራቱ በኋላ ሲጋራ ትቷል፣ ድምፁ ጠርቷል። ይሄኛው ሻካራው ነው፤ የያኔው።

አልነገርኩትም። ምን ብዬ ልንገረው?

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

በምሳ ሰዓት ራሴን መረመርኩ። ድምፅ የማታስገባዋ የምርመራ ክፍል ገብቼ፣ በር ዘግቼ፣ ማዳመጫውን አድርጌ። የካርድ ክፍሏ ሴትዮ በመስታወት አየችኝና "ዶክተር፣ ለራስህም ካርድ ላውጣልህ?" አለች። ዶክተር አይደለሁም፤ ልታበሽቀኝ ስትፈልግ ነው እንደዚያ የምትለኝ።

ጆሮዬ ምንም የለበትም። የቃላት ምርመራውንም አስኬድኩት። ቃላቱን የቀዳሁት እኔ ነኝ፣ በየቀኑ ለሰው የማሰማው የራሴን ድምፅ ነው። "ቤት... ወንበር... ዝናብ..." የራሱን ድምፅ ከውጭ እንደኔ የሚያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም።

የጠዋቱን አልጻፍኩም። ሦስት ወጣን። ሦስቴ ተጠራሁ፣ ሦስቴ ዝም አልኩ። በሦስተኛው አናት ላይ ስደርስ ሽቦ ታንከሩን ተደግፎ ወዲያ ወዲያ ያያል። እኔን ከታች ስመጣ ሲያይ ግራ ገባው።

"ከኋላዬ ነህ እንዴ?"

"የት ልሆን?"

"ከፊቴ ነሃ! በአቋራጭ የቀደምከኝ መስሎኝ። ስድስተኛው ላይ 'አለሁ' ስትል ሰማሁህ እኮ።"

"ጠርተኸኝ ነበር?"

"ኧረ አልጠራሁህም። ዝም ብለህ ነው 'አለሁ' ያልከው።" ሳቀ፣ ግን ሳቁ አልሞላም። "ቆሞ እየጠበቀኝ ነው ብዬ ጨመርኩ። ይኸው ትንፋሼን ጨረስኩት።"

"የገደል ማሚቶ ይሆናል" አልኩት።

"ሳትናገር ነው የሚያስተጋባው?"

ጫማዬን ለማሰር አጎነበስኩ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

አራት። ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር። አናት ላይ ቆመን ሁለታችንም እየተፈራረቅን ጮህን። ገደሉ አንዲት ቃል አልመለሰም። ሽቦ "ማሚቶዋ ዛሬ እረፍት ላይ ናት" አለ። እየቀለደ ክንዱን አየሁት፤ ፀጉሩ ቆሟል።

በምሳ ሰዓት ሽቦ የሚሠራበት ሱቅ ሄድኩ። ልነግረው ነበር። እውነቴን ነው፣ መንገድ ላይ ቃላቱን ሳይቀር አዘጋጅቻለሁ። የተቃጠለ ማብሪያ ማጥፊያ ከፍቶ ያጸዳል። ብሎኖቹን በጥርሱ ይዟል።

"ያን ቀን..." አልኩ።

ብሎኖቹን መዳፉ ላይ ተፋቸው። "ያን ቀን ምን?"

"ስትወድቅ።"

አየኝ። ረጅም ጊዜ ነው ያየኝ። ከዚያ ወደ ሥራው አጎነበሰ። "ነፋሱ ነው ብዬሃለሁ። ብትሰማኝ ኖሮ አትቆምም ነበር? አንተን እኔ አላውቅህም?"

ሻይ ጠጥቼ ወጣሁ።

ፈሪ ነኝ። ሌላ ስም የለውም።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

አምስት ወጣን። አምስቴ ጠራኝ። በመጨረሻው ድምፁ እያለቀሰ ነበር።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ዛሬ ስድስት ነበር። ጉሙ እጅ ዘርግቶ ጣትን አያሳይም። "እንተወው" አልኩት። "ሁለት ቀን ሲቀር?" አለኝ። ፊቱ ገርጥቷል። እንቅልፍ እንዳልወሰደው ነገረኝ፤ ድምፄ ጆሮው ውስጥ እየዋለ እያደረ ነው። "ዛሬ እይዝሃለሁ" አለ። ቀልድ መስሎኝ ነበር።

አምስቱ እንደምንም አለፉ። በስድስተኛው፣ የመጨረሻውን መታጠፊያ ስጨርስ ኮቴው ጠፋኝ። ታንከሩ ጋ ደረስኩ። ሽቦ የለም። የታንከሩ ጓታም አልተሰማም። ሁሌ ይመታዋል፣ አንድ ቀን ሳይመታው አያውቅም።

ከዚያ ከታንከሩ ጀርባ፣ ከወደቀው አጥር ወዲያ፣ መሬት ከሌለበት በኩል፦

"አለሁ!"

የኔ ድምፅ። በየቀኑ ከማዳመጫው የሚወጣው። ግን እንደዚያ በፍቅር ተናግሬ አላውቅም።

ጠጠሩ ላይ የሽቦን እግር ሰማሁ። አንዱ ከባድ፣ አንዱ ቀላል። ወደዚያ ይሄዳል።

"ሽቦ! ቁም!"

"መጣሁ፣ መጣሁ! ቆየኝ እንጂ፣ አንተ ሰው!" የሚመልሰው ለእኔ አይደለም።

"እኔ ከኋላህ ነኝ!"

ኮቴው ቆም አለ። "ሁለት ቦታ ነህ እንዴ?"

"አለሁ" አለ ድምፄ ከገደሉ በኩል። ለስለስ ብሎ። ታግሶ።

ኮቴው እንደገና ተነሳ። ይሄዳል። ሕጋችን ነዋ! አለሁ ያለ ይቆማል፤ አለሁ ያለውን አምኖ ነው የሚሄደው። እኔ ብጮህ ምን ዋጋ አለው? ያኛው የሚለው ያን ቀን ከእኔ የጠበቀውን መልስ ነው።

አፌ በራሱ ተከፈተ።

"እሱ እኔ አይደለሁም! እኔ አልመለስኩልህም! ያን ቀን ሰምቼሃለሁ! ስትጠራኝ ሰምቼ ነው ጥዬህ የወጣሁት! ለሰዓቴ ብዬ ነው! እሱ ይመልስልሃል፣ እኔ ግን አልመለስኩልህም!"

አንድ ድንጋይ ከእግሩ ሥር ተንከባለለ። መሬት እስኪነካ ብዙ ቆየ።

ሽቦ ከጉሙ ውስጥ ወጣ። ፊቱ ወረቀት መስሏል። በአጠገቤ ሲያልፍ ትከሻው ነካኝ። አላየኝም። ቁልቁል ወረደ፤ በርቀት ተከተልኩት። አንዴም አልዞረም።

ባለቤቴ "ምን ሆነሃል?" አለችኝ። ነገርኳት፣ ሁሉንም። ሳህኑን እያጠበች ሰማችኝ። ስጨርስ ውሃውን ዘጋችና "ከሁለት ዓመት በኋላ?" አለች።

እሑድ፣ ኅዳር 14

አልመጣም። መነሻው ላይ ግማሽ ሰዓት ጠበቅሁት። ስልኩን አያነሳም።

ሰዓቴን ቤት ትቼው ነበር። ብቻዬን ጀመርኩ። ሰባት ነው፣ ሰባት ይሁን።

አምስተኛው መታጠፊያ ላይ ስደርስ፣ እንደ ልማዱ፣ ከአራተኛው "አለህ?" አለ።

"አለሁ" አልኩ።

ቆምኩ። የሚደርስብኝ አልነበረም። ተመልሼ ወረድኩ፤ ድንጋዩ ብቻ ነው። ተቀመጥኩበት። ቀዝቃዛ ነበር። ሁለት ሰዓት እዚህ... ተነስቼ ወጣሁ፣ ወረድኩ፣ እንደገና ጀመርኩ። ስድስት ጊዜ ጠራኝ፣ ስድስት ጊዜ አለሁ አልኩ፣ ስድስት ጊዜ ቆሜ ተመለስኩ። በየጊዜው ድምፁ እየቀነሰ ሄደ። ስድስተኛው ሹክሹክታ ነበር። አለቀስኩ። እንዳለ ይጻፍ፣ አለቀስኩ።

ለሰባተኛው ከታች ስነሳ ፀሐይ ወጥታ ነበር፤ ጉሙ ግን የኮረብታዋ ወገብ ላይ ቀርቷል። አራተኛው ላይ ስደርስ ድንጋዩ ላይ ሰው ተቀምጧል። ደንግጬ ልወድቅ ነበር።

ሽቦ ነው። የሩጫ ጫማውን አድርጓል። ከጎኑ ቦታ አልለቀቀልኝም። ቆሜ ቀረሁ።

"ያን ቀን" አለ ወደ መሬት እያየ፣ "ነፋስ አልነበረም።"

እግሩ ሥር ያለውን ሳር በጣቱ ነካ።

"እዚህ ተኝቼ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሳር ነበር የማየው። አንዲት ሰበዝ አልተንቀሳቀሰችም። በራስህ አፍ እውነቱን እስክትነግረኝ ብዬ ነፋሱ ነው አልኩህ። አንድ ቀን 'ነፋስ እኮ አልነበረም' ትለኛለህ ብዬ። ሁለት ዓመት ጠበቅሁ። ይሄን የሳምንት ሩጫ ያመጣሁትም ለዚሁ ነው።"

"ይቅር በለኝ" አልኩ። ቃሉ አንሶ ታየኝ። ሌላ ግን አላገኘሁም።

"እንጃ" አለ። "ገና አላውቅም። ሂድ አሁን። ስንተኛህ ነው?"

"ሰባተኛ።"

"ሂድ ጨርሳት።"

ሄድኩ። ይከተለኝ አይከተለኝ አላየሁም፤ ጉሙ ወዲያው ዋጠው። አምስተኛው ላይ ስደርስ ከበታቼ መጣ።

"አለህ?"

ሻካራው ይሁን የጠራው፣ አልለየሁትም። ሥራዬ ድምፅ መለየት ነው፤ አልለየሁትም። የትኛውም ቢሆን መልሱ አንድ ነው።

"አለሁ።"

ቆምኩ። ምንም አልተሰማም። ላቤ ደረቀ፣ በረደኝ። ቆምኩ። ላስብ የምችለውን ሁሉ አሰብኩ፤ ከኋላዬ ያለው ማን እንደሆነም አሰብኩ። አልተነቃነቅኩም።

ብዙ ቆይቶ ጠጠሩ ላይ ኮቴ ሰማሁ። አንዱ ከባድ፣ አንዱ ቀላል።