ሜዳ ላይ የተነገረው መርዶህ

ውድ ኸድር፣

ሰፈሩ በሙሉ አኩርፎኛል። አንተ ብትኖር ትስቅ ነበር፣ ስለዚህ ለአንተ ልጻፈው።

ኑዕማን እሁድ ዕለት ከጅቡቲ ተመለሰ። አብራችሁ የተሳፈራችሁባት ጀልባ መገልበጧን፣ እሱ ሲወጣ አንተ አለመውጣትህን ነገረን። አጎትህ ጋሼ ሰዲቅ ሽማግሌ ሰበሰበ። መርዶው አርብ ከሱብሂ ሶላት በኋላ፣ እቤታችሁ፣ እንደ ወጉ ይነገራል፤ እስከዚያ ማንም ትንፍሽ እንዳይል ተባለ። እኔን ለብቻዬ ጠርቶ "በተለይ አንተ" አለኝ። አፌን ታውቀዋለህ።

ሮብ ግን ከአዲስ አበባ እንግዶች መጡ፣ አሮጌውን ከተማ ሊያዩ። አንተ ከሄድክ ወዲህ የማስጎበኘው ብቻዬን ነው። ከሸዋሮቢት መንገዱ እስኪያልቅ በባጃጅ፣ ከዚያ በእግር፣ ፀሐዩ አናታችን ላይ። ጣሪያ የሌለው መስጊድ በር ላይ ጫማ አስወለቅኳቸው። ኢማሙ ይቆምበት የነበረውን ሚህራብ አሳየሁ፣ የነጋዴዎቹ ግመሎች ከየት ይመጡ እንደነበር አወራሁ። አንዷ እንግዳ፣ ታዲያ ሰዎቹ የት ሄዱ ብላ ጠየቀች። አንተ "የትም አልሄዱም፣ ይኸው እኔ አለሁ" እያልክ የምታስቃቸው ቦታ ነው። እኔ ቀልድህን መድገም አቅቶኝ ወደ ድንጋዩ ካብ ዞርኩ።

ለካ እናትህ ለፍየሎቹ ቅጠል ሊቆርጡ መጥተው ከካቡ ኋላ ይሰሙን ኖሯል። ማጭዳቸውን እንደያዙ ብቅ አሉ።

"ናቲ፣ የኔስ ልጅ የት ሄደ?"

ደህና ነው ማለት ነበረብኝ። ዓይናቸውን ሳይ ግን ንዴቴ መጣ፤ በእሳቸው አይደለም፣ በሁላችን።

"እማማ ሙሀባ፣ ጀልባዋ ተገልብጣለች። ኸድር አልወጣም።"

አልጮሁም። ካቡ ላይ ተቀመጡና ቀስ ብለው "ኢና ሊላሂ" አሉ። ከዚያ ማን ያውቃል አሉኝ። ሁሉም፣ ከእሁድ ጀምሮ አልኳቸው።

"እና እስከ ዛሬ እየሳቁ ሰላም የሚሉኝ አውቀው ነው?"

የጠየቀችው እንግዳ ካሜራዋን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጠች። በኋላ ቅጠሉን ተሸክመን፣ እሳቸውን ደግፈን ወደ ቤት ወረድን።

ጋሼ ሰዲቅ ዱላ አንስቶ ጠበቀኝ። መርዶ ሜዳ ላይ ይነገራል? ትምህርቱን ጥለህ ስትወጣ ጨዋነቱንም እዚያው ረሳኸው? አለኝ። ጨዋነት ማለት መዋሸት ከሆነ እዚያው ይቅር አልኩት። እናቴ አፌን በእጇ ያዘችኝ። የገላገሉን እናትህ ናቸው።

"ተወው ሰዲቅ። ጠይቄ የመለሰልኝ እሱ ነው።"

በለቅሶው ከጎናቸው አስቀመጡኝ። ሽማግሌዎቹ ግን እስካሁን ሰላምታዬን አይመልሱም።

ከዚያ ወዲህ እናትህ በየጠዋቱ በአጥራችን ሲያልፉ "ናቲ!" ብለው ይጣራሉ። አቤት እላለሁ። ሌላ ነገር የለም፣ ይሄዳሉ። የመጀመሪያው ቀን ሊልኩኝ መስሎኝ ሮጬ ወጣሁ፤ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ እየሄዱ ነበር።

ልከተልህ አስቤ እንደነበር ታውቃለህ። ትናንት አንተን የወሰደህ ደላላ ደወለልኝ። መኪና ተገኝቷል፣ ማታ ካራቆሬ ድረስ ውጣ አለኝ። ጠዋት የሚጠራኝ ሰው አለ አልኩና ዘጋሁበት።

አላህ ይዘንልህ። ለእሳቸው አታስብ።

ወንድምህ ናትናኤል