ከፋይ የለበሰው ሞኒተር

ሐረር፣ ሐምሌ 2003 ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ ጌታነህ፣

እንደምን ከርመሃል? እኔ ደክሞኛል። ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር አስቤ ነበር፤ ግን ለአንተ እንኳ ካልነገርኩ ለማን ልነግር ነው? ቀኑን ሙሉ የሰው ማመልከቻ በኮምፒውተር ስጽፍ ስለምውል ብዕር ስይዝ እጄ አልታዘዝ ይለኛል። ፊደሌ ቢንጋደድብህ ታገሰኝ።

በስልክ ያልነገርኩህ አባባ ከአጠገቤ ስለማይጠፉ ነው። ጆሯቸውን ታውቀዋለህ፤ ጓዳ ገብቼ ባንሾካሹክ እንኳ «ማን ነው የታመመው?» ይሉኛል። ስለዚህ ሱቄ ውስጥ ተቀምጬ፣ ደንበኛ ፋታ ሲሰጠኝ ነው የምጽፍልህ። አንተም ስታነበው ብቻህን ሁን።

ነገሩ ስለዚያ ሞኒተር ነው። የገዛሁ ጊዜ ደውዬ ስነግርህ በሳቅ ሞትክ። «ሰው ሁሉ ጠፍጣፋውን እየገዛ አንቺ ግንዱን ተሸክመሽ ገባሽ?» አልከኝ። እኔም አብሬህ ሳቅሁ። ለአባባ ማንበቢያ ነው አልኩህ እንጂ ከዚያ በላይ አላስረዳሁህም፤ አንተም አልጠየቅኸኝም።

ጥር ላይ ሐኪሙ ያለውን ታስታውሳለህ። የዓይን ግፊት ነው፣ የግራው አልቋል፣ ቀኙ ሳይሄድ አዲስ አበባ ይውሰዷቸው አለ። አንተ ከሐዋሳ ሆነህ ቀጠሮ አስያዝክ፣ እኔ ሻንጣ አዘጋጀሁ፣ አባባ እምቢ አሉ። «በማላውቀው ከተማ ሰው እጄን ይዞ አይጎትተኝም» ብለው ቁርጡን ነገሩን። ከዚያ ወዲያ ስለ ዓይናቸው የሚያነሳባቸውን ሰው መስማት አልፈለጉም። ዕድሜያቸውን ሙሉ የፍርድ ቤት ጸሐፊ የነበሩ ሰው ናቸው፤ የወሰኑትን ማን ይሽርባቸዋል?

እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ግን የጸሎት መጽሐፋቸው ነው። ያቺ በግዕዝ የታተመችው፣ ለየዕለቱ የየራሷ ክፍል ያላት፣ ሰኞ የሰኞን ማክሰኞ የማክሰኞን የሚደግሙባት። ፊደሏ ደቃቃ ነው። መስኮት ሥር ይዘዋት ይቀመጡና መነጽር በመነጽር ደርበው፣ አፍንጫቸውን ከገጹ አስነክተው ይታገሏታል። አንድ ቀን ዘግተዋት፣ ጉልበታቸው ላይ አድርገዋት ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«አባባ፣ በቃልዎ ያውቁት የለ? በቃልዎ ይድገሙት» አልኳቸው።

ተቆጡ። «ጸሎት በመጽሐፍ ነው። በቃሉ የሚደግም ሰው አፉ ብቻ ነው የሚጸልየው፣ ልቡ ገበያ ይዞራል። አባቴ እንዲህ አላስተማረኝም።»

አንተም ልጅ ሆነህ በዚሁ ነገር ጆሮህን ተቆንጥጠሃል። ቢያውቁትም ከመጽሐፍ ካላነበቡት ለእሳቸው ያ ቀን ያልተጸለየበት ቀን ነው። እንግዲህ ስንት ቀን ሳይጸልዩ አድረው ይሆን?

ሪድዋን የመጣው በዚያው ሰሞን ነው። የጎረቤታችን ልጅ፣ አሁን ቴሌቪዥን የሚጠግነው። ሱቄ በር ላይ ቆሞ፣ «አቦ ሙሉ፣ አንድ መሥሪያ ቤት አሮጌ ኮምፒውተሮቹን እየሸጠ ነው» አለኝ። «አንድ ትልቅ ስክሪን አለ፤ ወላሂ እንደሱ አይቼ አላውቅም። የአባባን ጸሎት እዚያ ላይ ብታወጪው አንዱ ፊደል መዳፌን ያክላል።»

አብረን ሄድን። ትንንሾቹ ሁሉ ተሽጠው አልቀዋል። እሱ ብቻውን ከዕቃ ግምጃ ቤቱ ጥግ አቧራ ለብሶ ተቀምጧል፤ ፊቱ ሃያ አንድ ኢንች፣ ጀርባው ደግሞ ማለቂያ የለውም። የግምጃ ቤቱ ኃላፊ አቶ ዓለሙ፣ «ሁለት ሰው ካልያዘው ስለማይነሳ ማንም አይወስደውም። ዋጋውን አትፍሪ፤ ቦታዬን ልቀቂልኝ እንጂ» አሉኝ። እውነትም ከአንድ አዲስ ጫማ ባነሰ ዋጋ ሰጡኝ። ሪድዋን ሰካውና ለኮሰው። ድም አለ፣ ትንሽ ቆየ፣ ከዚያ ቀስ እያለ በራ። አንዱ ማዕዘኑ ትንሽ ወይን ጠጅ ይላል እንጂ ንጹሕ ነበር። አንዲት ሀ ጻፍኩና መስታወቱን እስክትሞላ አሳደግኳት። እንባዬ መጣ። አቶ ዓለሙ አቧራው መስሏቸው መስኮት ከፈቱልኝ።

እስከ ግንቡ መግቢያ እስከ ሸዋ በር በባጃጅ አመጣነው። ከዚያ ወዲያ እንደምታውቀው ያቺ የእኛ ጠባብ መንገድ ለባጃጅ አትሆንም። ሪድዋንና በሩ ላይ ማሽላ የሚሸጠው ሙሜ ከፊትና ከኋላ ይዘው፣ ግድግዳ እየታከኩ፣ በየመዞሪያው እያሳረፉ አስገቡት። መንገደኛው ሁሉ «ቴሌቪዥን ነው?» ይላል። ሪድዋን መመለስ ሲታክተው «አዎ» ማለት ጀመረ። በነጋታው እነማን ዜና ሊያዩ እንደመጡ ብነግርህ ትስቃለህ፤ ግን አቅሙ የለኝም።

መጀመሪያ ያቺ አጭር ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡት። አባባ ዳሰሱት፣ ቁመቱን ለኩት፣ ከዚያ «እዚህ ላይ ነው ጸሎት የሚነበበው?» አሉ።

«አዎ አባባ» አልኩ።

«ታዲያ ምነው ከእግር ትይዩ አደረጋችሁት?»

ሙሜ ላቡን እየጠረገ ሪድዋንን አየው። ሪድዋን ግን አልከፋውም። «ልክ ናቸው፤ ቁርኣንም ቢሆን ዝቅ ብሎ አይቀመጥም» አለና ቢስሚላህ ብሎ ዳግመኛ አነሳው። የእማማ ሣጥን ላይ ወጣ፤ ከሱቄ ካመጣሁት አሮጌ ኮምፒውተርም ጋር ተገናኘ። አባባ በዚህም አላበቁም። የክስ ማመልከቻና የሠርግ ካርድ እዚህ ላይ እንዳላይ አሉኝ። እኔ ደግሞ የእሳቸው ጸሎት ሲያበቃ እቤት ሆኜ የምሠራበት፣ የእኔም ዓይን የሚያርፍበት መስሎኝ ነበር። ተውኩት። ቀጥለው «ማኅደር ይሰፋለት» አሉ። የጸሎት መጽሐፍ የቆዳ ማኅደር አለው፤ ይሄስ ለምን ራቁቱን ይቀመጣል? ልብስ ሰፊዎቹ ሰፈር፣ መኪና ግርግር ሄጄ ሳዳን ልኩን ስነግራት መቀሷን አስቀመጠች።

«ለሙሽራ ነው?»

«ለኮምፒውተር ነው።»

«ለኮምፒውተር ከፋይ? ያ አላህ፣ ሙሉ፣ ደህና አይደለሽም» አለችኝ። ግን ቀይ ከፋይ መርጣ፣ ጠርዙን በወርቃማ ክር ዘምዝማ ሰፋችው። ይኸው እቤታችን ውስጥ ከሁላችንም የተሻለ የሚለብሰው እሱ ነው።

ከዚያ ሁዳዴን ሙሉ ጻፍኩ። መጽሐፉን ከጎኔ ዘርግቼ፣ ከሱቅ ስገባ ራት ሳልበላ እየጀመርኩ፣ የሰባቱን ቀን ክፍል አንድም ሳላስቀር በእነዚህ ጣቶች ለቀምኩት። አባባ ከኋላዬ ተቀምጠው የቁልፎቹን ድምፅ ይሰማሉ። የደበዘዘ ቃል ሲያጋጥመኝ እጠይቃቸዋለሁ፤ ይነግሩኛል። ወገቤ ሲንቋቋ ሰምተው «በቃሽ፣ ተኚ» ይሉኛል። ለፋሲካ ደረሰ። ገጹን መግለጫ ቁልፍ ላይ በጣታቸው እንዲያገኟት ፕላስተር ለጠፍኩላት፣ ፊደሉን እስከቻለው አሳደግኩት፣ ወንበራቸውን አቅርቤ አስቀመጥኳቸው።

መስታወቱን በመዳፋቸው ዳሰሱት። ከዚያ አማትበው ማንበብ ጀመሩ። አንዲት ሳይሳሳቱ፣ ቁልፏን በየቦታው እየተጫኑ፣ እስከ መጨረሻው ዘለቁት። ሲጨርሱ መስታወቱን ተሳለሙት። «ዓይኔን መለስሽልኝ» አሉኝ። ያን ቀን የተሰማኝን ደስታ ልነግርህ አልችልም። አንተ ስትደውልም ስልኩን ከእጄ ወስደው ነው የነገሩህ፤ «አነበብኩ፣ እህትህ ትባረክ» ያሉህ። አንተም ተደሰትክ፣ ካነበቡማ ብለህ ስለ አዲስ አበባው መጨቅጨቁን ተውክ። እኔም ተውኩ። ማን ይፈርድብናል?

ከዚያ ወዲህ ሥርዓታችን ይህ ነው። እሳቸው ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ እኔ የዕለቱን ክፍል ከፍቼላቸው እወጣለሁ፤ ተመልሰው ያነባሉ፤ ሲጨርሱ አጥፍተው ከፋዩን ያለብሱታል። ሲያለብሱት ብታይ ልጅ የሚያስተኙ ይመስልሃል።

ባለፈው ረቡዕ ሳምንት ሪድዋን ገና ሳይነጋጋ መጣ። የእህቱ የመርየም ሠርግ ከረመዳን በፊት መሆን አለበት፤ ካርዱ አልደረሰም፤ በሱቄ አካባቢ ደግሞ መብራት ከጠፋ ሰንብቷል። አባባ ወጥተው ነበር። ክልክል መሆኑን እያወቅሁ እዚያው ሞኒተር ላይ ሠራሁለት። አበባ ዙሪያውን፣ መርየምና ሳኒ የሚለውን መሃል ላይ በጌጠኛ ፊደል፣ ከሥሩ የምሳ ግብዣውን ሰዓትና ቦታ። በፍላሽ ገልብጬ፣ ሪድዋን «አቦ ረፈደ» እያለ ሲያጣድፈኝ ተያይዘን ወደ ማተሚያ ቤት ወጣን።

እኩለ ቀን ላይ ምሳዬን ልበላ ተመለስኩ። ከበሩ ሆኜ የአባባን ድምፅ ሰማሁ፤ የረቡዕን ክፍል እየደገሙ ነው። ደስ ብሎኝ ቀስ ብዬ ገባሁ። ጌታነህ፣ መስታወቱ ላይ ያለው የመርየም ሠርግ ነው። ጽጌረዳው፣ መርየምና ሳኒ፣ ምሳ በሰባት ሰዓት። አባባ ከፊቱ ቀጥ ብለው ተቀምጠው፣ ዓይናቸውን አበቦቹ ላይ ተክለው ጸሎታቸውን ያወርዱታል። ገጽ ማለቂያው ላይ ሲደርሱ ፕላስተሯን ይዳስሱና ይጫናሉ። ካርዱ አንድ ገጽ ነውና ንቅንቅ አይልም። እሳቸው ግን ይቀጥላሉ።

እስኪጨርሱ ቆምኩ። መስታወቱን ተሳለሙና ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ፤ ስገባ ሰምተውኝ ኖሯል።

«ሙሉዬ፣ ዛሬ ፊደሉ ጎላ ብሎልኛል። ምን አድርገሽው ነው?» አሉኝ።

«ብርሃኑን ጨምሬው ነው አባባ» አልኩ።

«ጎበዝ» አሉኝ።

በነጋታው ደም ግፊትዎን እናስለካ ብዬ ሐኪም ቤት ወሰድኳቸው። ሐኪሙ በመብራት አያቸው፣ እሳቸውን ኮሪደር ላይ አስቀምጦ እኔን ለብቻ አስገባኝ። ቀኙም ሄዷል አለኝ። ከሄደ ቆይቷል፣ ከፋሲካም በፊት ሊሆን ይችላል፣ አሁን አዲስ አበባ ቢሄዱም የሚመለስ ነገር የለም። ስለዚህ ዓይኔን መለስሽልኝ ያሉኝ ቀንም አንዲት ፊደል አላዩም ማለት ነው።

መጀመሪያ ተናደድኩ። እውነቱን ቢነግሩኝ ኖሮ ምናልባት በግድም ቢሆን እንወስዳቸው ነበር እያልኩ ተብሰለሰልኩ። አሁን ለንዴቱም ጉልበት የለኝም። የሚመላለስብኝ ሌላ ነገር ነው። በቃል መድገም ጸሎት አይደለም የሚሉ ሰው፣ በአባታቸው ሕግ ሲቆነጥጡን የኖሩ ሰው፣ የእኔ ድካም ከንቱ እንዳይሆንብኝ ብለው ይኸው ከፋሲካ እስከ ሐምሌ ለእሳቸው ጸሎት ያልሆነውን ጸሎት ከፊቴ ሲደግሙ ከረሙ። እንዲህ ያለ ስጦታ ተቀብዬ አላውቅም፤ እንዴት እንደምሸከመውም አላውቅም። ዛሬም ጠዋት የዕለቱን ክፍል ከፍቼላቸው ነው የወጣሁት። ለእሳቸው ይሁን ለራሴ እንጃ።

ጌታነህ፣ ና። ለሕክምና አይደለም የምጠራህ፤ ያ አልፏል። ገንዘብም አትላክ። ጥቂት ቀን አንተ አጠገባቸው ሁንና እኔ ማንንም ሳላዳምጥ ልተኛ። ብቻዬን የያዝኩትን ይህንንም ነገር አብረኸኝ ያዝ።

እንደማያዩ እንዳወቅህ አታሳውቃቸው። ስትገባ ድምፅህን አሰማ፤ ያን ጊዜ ፊታቸውን ቀና ያደርጉና ከላይ እስከ ታች የሚቃኙህ ይመስላሉ። ከዚያ «ከስተሃል» ይሉሃል፤ ከሩቅ ለመጣ ሰው ሁሉ የሚሉት ይህንኑ ነው። ባለፈው ወር ሐዋሳ ያገኘችህ የአክስታችን ልጅ ዮዲ፣ ቀበቶ አልበቃው ብሏል ብላ ነግራኛለች። ይሁን። አዎ አባባ፣ ከስቻለሁ በላቸው።

በሰላም ያድርስህ።

እህትህ ሙሉ