ወረፋውን አትንካ

ይድረስ ለታላቄና ለመካሪዬ፣ እናታችን ስትደክም እናት ሆነሽ ላሳደግሽኝ ለእታለም።

እንደምን ከርመሻል? እጅሽስ? ያ የሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ሳሙና የላጠው ቀኝ እጅሽ ጠገገልሽ ወይስ ዛሬም በጓንት ሸፍነሽ «ደኅና ነኝ» እያልሽ ነው? የእናታችን ጉልበት እንዴት ሆነላት? ደረጃውን ያለ ሰው ድጋፍ መውጣት ጀመረች? ባለቤትሽስ፣ ልጆቹስ፣ ያ የሚያፈሰው ጣሪያችሁስ? እኔ በበኩሌ ከናፍቆታችሁ በቀር ደኅና ነኝ። እህሉም ይበላል፣ እንቅልፉም ይመጣል፤ ሲመጣ ግን ብቻውን አይመጣም፣ የፈተና ጥያቄ ተሸክሞ ነው የሚመጣው።

ወደ ወሬው ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ልናዘዝልሽ። ባለፈው «የሕግ ትምህርት ቤቱ መግቢያ ፈተና ተራዝሟል» ብዬ የጻፍኩልሽ ውሸት ነው። አልተራዘመም። በቀኑ ተሰጠ፣ እኔም በቀኑ ተቀመጥኩ፣ ወደቅኩ። ለማለፍ ስድስት ነጥብ ጎደለኝ። አንቺ ለጎረቤቱ ሁሉ «ወንድሜ ጠበቃ ሊሆን ነው» ብለሽ ተናግረሽ ስታበቂ፣ ወደቅኩ ብሎ መጻፍ እጄ እምቢ አለኝ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባል የለ፤ ይኸው አምስት ወር አድሮ ጠራ። ትምህርት ቤቱ አንድን ሰው የሚፈትነው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። የፊታችን ቅዳሜ ሳይሆን የሚቀጥለው ቅዳሜ ለሁለተኛና ለመጨረሻ ጊዜ እቀመጣለሁ። ከወደቅኩ እዚሁ ፍርድ ቤት በር ላይ የሰው ማመልከቻ እየጻፍኩ አረጃለሁ ማለት ነው። ተቆጪኝ፣ ይገባኛል፤ ግን እስከ መጨረሻው አንብበሽ ተቆጪ።

እንዴት ልትወድቅ ቻልክ ትዪኝ ይሆናል። እኔም የደነቀኝ እሱ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እዚህ በር ላይ ጠረጴዛ ዘርግቼ ስጽፍ ዳኞቹን በእርምጃቸው፣ ጠበቆቹን በሳላቸው ለይቼ አውቃለሁ። በቀላሉ የማልፍ መስሎኝ ደረቴን ነፍቼ ገባሁ። ራስ ሳይጠና ጉተና ማለት ይኼ ነው። ፈተናው ግን ሕግ የሚባል ነገር አይጠይቅም። አጠር ያለ ጽሑፍ ይሰጥሽና «ከዚህ ተነስተን ምን ማለት እንችላለን?» ይልሻል። አምስት ምርጫ ይደረድርልሻል፣ አምስቱም ያምራሉ። ከተጻፈው አንድ እርምጃ አልፈሽ ከሄድሽ አለቀልሽ።

እዚህ ጋሼ ማኅተም የምንላቸው ሰው አሉ። መዝገብ ቤት ሠላሳ ዓመት ሠርተው ጡረታ የወጡ ናቸው፤ አንድ ነገር ተናግረው በጨረሱ ቁጥር ጠረጴዛውን በጡጫቸው ስለሚመቱት ነው ስሙ የወጣላቸው። ቤት መዋል አልሆን ብሏቸው በጠዋት እኔ ጋ ይመጣሉ። ባለጉዳይ ከመድረሱ በፊት አንድ ሰዓት ያህል የማንቂያ ሰዓት ይዘው ይፈትኑኛል። «አቁም!» ሲሉ የበሩ ጥበቃ ሳይቀር ደንግጦ ቀጥ ይላል። የተሳሳትኩትን ሁሉ ለብቻ እየገለበጡ ሲያጠራቅሙ ከርመው አንድ ቀን ፊቴ ዘረጉልኝና፣ «አንተ ሰው፣ ስሕተትህ ሁሉ የአንድ እናት ልጅ ነው፤ ያልተጻፈ ታነባለህ» አሉኝ። ጠረጴዛው ሲመታ ቀለሜ ተደፋ። እኔ ግን አልተቀበልኳቸውም፤ ሽማግሌ ሲያረጅ ነገር ያበዛል ብዬ በሆዴ አለፍኩት።

ለአንቺ የላክሁልሽን ጥያቄ ታስታውሺዋለሽ? በቀልድ ነበር የላክሁት። አምስት ሰው አንድ ቢሮ በር ላይ ተራ ይጠብቃል፦ ነጋዴ፣ ነርስ፣ ሹፌር፣ ነፍሰ ጡር ሴትና አንድ አዛውንት። ነርሷ ሦስተኛ ትገባለች። ነፍሰ ጡሯ ሹፌሩን ተከትላ ወዲያው ትገባለች። ነጋዴው ከአዛውንቱ ይቀድማል። መጀመሪያ ሊገባ የሚችለው ማን ነው? እኔ ሳልውል ሳላድር ነፍሰ ጡሯ አልኩ። መልሱ አይደለም ሲሉኝ አዛውንቱ አልኩ። ጋሼ ማኅተም ፊታቸውን ሸፈኑ። እኔ እኮ ደንቡን አንብቤዋለሁ፣ እታለም። ግን በዚያ በር ላይ የቆሙት ሰዎች ግንድ አይደሉም፣ ሰው ናቸው፤ የደረሰች ነፍሰ ጡር ቆማ እያዩ እንዴት አያሳልፏትም? ሹፌሩስ ምን አስቸኮለው? እያልኩ ከወረቀት ጋር ስሟገት ዋልኩ። ከዚያም እልህ ይዞኝ «እስቲ አንቺ ፍረጂ» ብዬ ለአንቺ ገልብጬ ላክሁት።

መልስሽ የደረሰኝ በሥራ ድልድል ወረቀት ጀርባ ላይ ተጽፎ ነው። በፊት ለፊቱ አንሶላ የሚያጥቡት፣ የሚተኩሱት፣ የቀዶ ጥገናውን ልብስ የሚለዩት ሴቶች ስም በየቀኑ ተደልድሏል። በጀርባው ደግሞ በእርሳስ፣ «ወይ ሹፌሩ ወይ ነጋዴው፣ ሌላ መንገድ የለውም። ይኼ እኮ የእኔ የየሰኞ ጠዋት ሥራ ነው። ለነፍሰ ጡሯ አዝነህ ከሆነ ወንበር አምጣላት እንጂ ወረፋውን አትንካ» ብለሻል። ከዚያ በታች የእናታችንን መድኃኒት ስም ጽፈሽ እንድፈልግ አዘሽኛል። የሕግ ትምህርት ቤት ጥያቄና የጉልበት ቅባት በአንድ ወረቀት! ስቄ ስቄ ለጋሼ ማኅተም ሰጠኋቸው። እሳቸው ግን አልሳቁም። መነጽራቸውን አውልቀው ሁለት ጊዜ አነበቡትና፣ «እኅትህ ምን ተምራለች?» ብለው ጠየቁኝ። ልብስ ታጥባለች አልኳቸው። «የጠየቅሁህ እሱን አይደለም» አሉኝ።

በዚያው ሳምንት ጉድ ፈላ። አንዲት ልብስ ሰፊ አለች፤ የተከራየችበትን ቤት ስትለቅ አከራይዋ የስፌት መኪናዋን ይዘውባት ቀሩ። ማመልከቻዋን የጻፍኩላት እኔ ነኝ። ነገሩን ስታስረዳኝ እንባም ጩኸትም አልነበራትም፤ «ማክሰኞ ከሰዓት ለቀቅኩ፣ መኪናዬን ልወስድ ብመለስ በሩ ተቆልፏል፣ እስከ ዛሬ አልሰጡኝም» ብቻ ነው ያለችኝ። ይኼ ደግሞ የዳኛ አንጀት የሚበላ አልመሰለኝም። «በጨለማ፣ በግፍ፣ ልጆቼ እያለቀሱ ከቤት ተወርውሬ» ብዬ አሳመርኩት። እንዲያውም ጽፌ ስጨርስ በራሴ ጽሑፍ ዓይኔ እንባ አቅርሮ ነበር። ችሎት ላይ ዳኛዋ ልጆቿ ስንት እንደሆኑ ሲጠይቋት፣ ልጅ የለኝም አለች። የአከራይዋ ጠበቃ ብድግ ብሎ፣ ያልተወለዱ ልጆች የሚያለቅሱበት ማመልከቻ ላይ የስፌት መኪናውስ መኖሩን በምን እናምናለን አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ዳኛዋ ማመልከቻው ተስተካክሎ ይቅረብ ብለው ለወር ከአሥራ አምስት ቀን ቀጠሩ። ይኼን ያህል ጊዜ ልብስ ሰፊ ያለ መኪና ምን ትሠራለች?

ከችሎት ወጥታ ጠረጴዛዬ ፊት ቆመች። የስድብ መዓት ታወርድብኛለች ብዬ ጠበቅኩ። «ይኼን ሁሉ እኔ ነኝ ያልኩህ?» ብቻ አለችኝ። እታለም፣ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ፤ የብዕር ወለምታ ደግሞ ይብሳል፣ ማኅተም ተመቶበት መዝገብ ውስጥ ይቀመጣል። በአሥራ አንድ ዓመት ስንቱን ሽማግሌ ያልታመመውን አሳምሜዋለሁ፣ ስንቷን ሴት ያላለቀሰችውን አስለቅሻታለሁ! እኔ ለሰው ማዘን ይመስለኝ ነበር። ለካ የሚናገሩት ሲያንስብኝ ኖሯል፤ እነሱ ያመጡትን ነገር ወዲያ ትቼ የራሴን ነው ስጽፍ የኖርኩት። የአንቺ ወንበር ያን ጊዜ ገባኝ። ጋሼ ማኅተም ጠረጴዛ ሰብረው ያላስገቡልኝን አንቺ በእርሳስ አስገባሽልኝ።

ማመልከቻዋን እንደገና ጻፍኩላት፣ በአምስት መስመር። ማክሰኞው፣ በሩ፣ ቁልፉ፣ መኪናዋ፤ አለቀ። ጮክ ብዬ ሳነብላት አንገቷን ዘንበል አድርጋ አዳመጠችና፣ «ይኼ የእኔ ነው» አለችኝ። ከዚያም መዝገብ ቤት ድረስ አብሬያት ሄጄ ቀጠሮው እንዲያጥር ለመንኩ። አላጠረም። አንዲት ጎረቤቴ ግን ከሰዓት ከሰዓት የራሷን የስፌት መኪና እንድታውሳት አስማምቻለሁ። ወንበር ማምጣት ማለት ይኼ መሰለኝ።

ልምምዱም ከዚያ ወዲህ መልኩን ቀየረ። ሰኞ ዕለት ከሃያ አምስት ጥያቄ ሃያ ሁለቱን አገኘሁ። ጋሼ ማኅተም ጠረጴዛውን አልመቱም፤ ትልቁ ምስጋናቸው እሱ ነው። ይኼን ስልሽ አልፋለሁ ማለቴ አይደለም። የሚያስፈራኝ ነገር አልለቀቀኝም። ግን አሁን የምፈራው ፈተናውን ነው፤ ድሮ የምፈራው አንቺን ነበር።

ትናንት ጥያቄ ስሠራ ያ የልጅነታችን ጠረጴዛ ትዝ አለኝ። አምስት ሰው፣ አንድ ክፍል፣ አንድ ጠረጴዛ። አንቺ ግድግዳው ላይ ወረቀት ለጥፈሽ ሰዓቱን ደልድለሽው ነበር። አባታችን የሚላጩበት፣ እናታችን የምትከትፍበት፣ ሕፃኗ የምትታጠብበት፣ እኔ የማጠናበት፣ በመጨረሻ ደግሞ አንቺ የምታጠኚበት። አንድም ቀን ተጣልተን አናውቅም። አባታችን ያረፉ ጊዜ ያንን ወረቀት ቀደድሽና ሌላ ለጠፍሽ። በአዲሱ ላይ የእኔ ስም ሁለት ጊዜ ተጽፏል፣ የአንቺ የለም። ያን ጊዜ አሥር ዓመቴ ነበር፤ ሰዓት ስለጨመርሽልኝ ተደስቼ ለጓደኞቼ አወራሁ። በሳምንቱ ልብስ ማጠቢያው ገባሽ። ወረፋውን አትንካ ያልሽኝ እኅቴ፣ በዕድሜሽ አንድ ወረፋ ብቻ ነክተሻል፤ እሱም የራስሽን ነው። ዛሬ በሠላሳ አራት ዓመቴ ነው ያየሁት፤ ዓይኔ ዘገየ።

ስለዚህ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አንድ ቅጽ አብሮ ይደርስሻል። የሚቀጥለው ዙር ፈተና መመዝገቢያ ነው፤ እናንተ ከተማም ይሰጣል። ዕድሜ አይጠይቅም፣ ጠይቄያለሁ። የሚጠይቀው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ማስረጃ ነው። ያንን ደግሞ የዛሬ ሁለት ዓመት በማታ ትምህርት ጨርሰሽ፣ ለማንም ሳታሳዪ ከአልጋው ሥር ሳጥን ውስጥ እንደከተትሽው እናታችን ነግራኛለች። አትቆጪያት። እኔም ብወድቅ እንኳ ይህ ቅጽ ከእኔ ውጤት ጋር ዝምድና የለውም፤ አንዱ ከሌላው አይከተልም፣ ይኼንን እንኳ ተምሬያለሁ።

እንግዲህ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ለእናታችን ጉልበቷን ስሜያለሁ በያት፤ ቅባቱን ከዚሁ ጋር ልኬላታለሁ፣ ጠዋትና ማታ ትቀባው። ለባለቤትሽ፣ ለዚያ ዝምተኛ መካኒክ፣ ሰላም በይልኝ፤ ጣሪያውን ከመኪና ቀጥሎ ያስበው። ለትልቋ ልጅሽ የሒሳብ ውጤቷን ሰምቼ አንጀቴ መራሱን ንገሪያት። ለመንታዎቹ ለእያንዳንዳቸው እኩል ሁለት ሁለት ጊዜ ሳሚያቸው፤ ካበላለጥሽ ክስ ይመሠርታሉ፣ ማመልከቻውን የምጽፈውም እኔ ነኝ። ለታናሽ እኅታችን ስትመጣ ናፍቃኛለች በያት። ጋሼ ማኅተም ደግሞ ሳያውቁሽ ሰላም ብለውሻል።

ቅጹን ስትከፍቺው ስምሽን፣ የተወለድሽበትን ዓመት፣ የሥራ ቦታሽን በእጄ ሞልቼ ታገኚዋለሽ። በስተመጨረሻ «ሕግ መማር የፈለጉበት ምክንያት» የሚል አለ፤ ከሥሩ ሦስት መስመር። ብዕሬን አንስቼ ብዙ ቆየሁ። የማሳምርበት ነገር ሞልቶኝ ነበር፤ ጠረጴዛውን፣ ወረቀቱን፣ የተላጠውን እጅሽን። ከዚያ አስቀመጥኩት። አንቺ ያላልሽውን ስለማልጽፍ ሦስቱም መስመር ባዶ ነው።

ለፍላፊው ወንድምሽ
ከፍርድ ቤቱ በር፣ ከጠረጴዛዬ
ሐሙስ፣ ወሩ በገባ በአሥራ አራተኛው ቀን፣ ፈተናው ዘጠኝ ቀን ሲቀረው