የሳቂታው ሰዓት

ወንድምዓለሜ፣ ሰላምታዬ ናፍቆቴን ቀድሞ ይድረስህ። እኛ አለን።

ቴሌቪዥን ጣቢያችን ሰሞኑን ቀውጢ ሆኗል። ቶክ ሾው የሚያቀርበውን ሳቂታውን ታስታውሰዋለህ፣ አባባ የማያመልጠውን? የምሽት ሦስት ሰዓት ቦታውን ነጥቀው ለአንድ ጎረምሳ ሰጡበት፤ እሱን ወደ እኩለ ሌሊት ገፉት። «በዚያ ሰዓት ከዘበኛና ከሌባ በቀር ማን ያየኛል?» ብሎ አኩርፏል። አለቆቹም ጎራ ለይተው አይነጋገሩም። ጦሱ የተረፈው ለእኔ ነው፤ የተመልካች ስልክ የማነሳው እኔ አይደለሁ? ስሰደብ እውላለሁ።

ማክሰኞ አባባ ራሱ በዚያው ስልክ ደወለ። «ሳቂታው ስንት ሰዓት ነው የሚቀርበው?» አለኝ። ነገርኩት። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ደወለ፤ ደግሜ ነገርኩት። በሦስተኛው፣ «ተባረኪ፣ ትዕግስትሽ ደስ ይላል። የእኔም ልጅ እዚያው ነው የምትሠራው፤ ካገኘሻት ሰላም በይልኝ» አለኝ።

«እሺ፣ እነግራታለሁ» አልኩት።

ሌላው ነገሩ ደህና ነው። ይበላል፣ ይተኛል፣ ጎረምሳውንም አይቶ ይስቃል።

በል፣ በዓይነ ሥጋ እስክንገናኝ ጤናህን ያብዛልኝ። እሁድ ስትደውልለት ግን «እኔ ነኝ» ብቻ አትበለው፤ ቀድመህ ስምህን ንገረው።

እህትህ